ስሜ ያለበት ግድግዳ፦ ከጎንደር ገዳሪፍ ደርሶ መልስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዘዞ

መናኸሪያው ገና ድንግዝግዝ ነው። የመተማው ሚኒባስ ጣሪያው ላይ ሽንኩርት፣ የፕላስቲክ ወንበርና እግሯ የታሰረ ዶሮ ተሸክሞ ሞተሩን ያሞቃል። ረዳቱ "መተማ፣ ሸኸዲ፣ የቀረ!" ይላል፤ የቀረ ግን የለም፣ ሁላችንም ተጣብቀን ተቀምጠናል። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ትናንት ነው የተከፈተው። ነገ ይዘጋ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም ለእኛ አይነግረንም።

ሁለት ሰዎች ሊሸኙኝ መጥተዋል። አንዷ ብርቱካን ናት፤ የዚህ ጉዞ ባለቤት እሷ ናት። እናቷ እትዬ ስንዱ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ሲካ ሐዲድ በሚሉት አሮጌ የባቡር ሠፈር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ስኳር አለባቸው። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ መድኃኒቱ ከፋርማሲው ጠፍቷል፤ ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ብርቱካን ነይ ስትል፣ ስትለምን፣ ስትቆጣ ከረመች። እትዬ ስንዱ ያላቸው መልስ አንድ ነው፦ "ግድግዳዬ ሳይጠራ ቤቴን አልዘጋም።"

ግድግዳውን ላስረዳችሁ። በዚያ ቤት ሰንብቶ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚያልፍ ወጣት ሁሉ ከመሄዱ በፊት ስሙን በከሰል ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ካሰበበት ደርሶ ሲደውል እትዬ ስንዱ ስሙን ኖራ ይቀቡታል። ሞቶም እንደሆነ መርዶው መጥቶ፣ ተለቅሶለት፣ ከዚያ ይቀባል። ወሬው የጠፋው ግን እንደጠቆረ ይቀመጣል። ደግሞ የሰው ወሬ አይቀበሉም፦ ወይ የራሱን ድምፅ፣ ወይ መርዶ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያ ሁሉ ስም ተቀብቶ ተቀብቶ አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ጓደኛዬ ደሳለኝ ነው። ሌላው እኔ ነኝ።

ያኔ እናቷ ቤት ታውቀኝ የነበረችው ብርቱካን ያገኘችኝ ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ነው። "ጌታሁን! አለህ እንዴ?" ብላ ስትጮህ ባለቲማቲሟ ደነገጠች፣ እኔ የያዝኩትን ጣልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ብቻ ርቄ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጥኩ፣ ለእናንተም አልፎ አልፎ ይህን ዓምድ እየጻፍኩ ስኖር አንድ ቀን አልደወልኩም። ለምን? ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ዝርዝሩን እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ሸኚ ሞላ ነው፤ የአጎቴ ልጅ፣ የታክሲ ሾፌር፣ የሰው ድምፅ በማስመሰል ሠፈሩን የሚያስቅ። ዕቅዳችን እንዲህ ነው። የእኔን ስም ፊቴ ያስቀባዋል። የደሳለኝን ደግሞ ሞላ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሱዳን አሥር ሰዓት ሲሆን፣ እትዬ ስንዱ ዘንድ ደውሎ "ደሳለኝ ነኝ፣ ደርሻለሁ" ይላቸዋል። ደሳለኝ ጎርነን ያለ ድምፅ ነበረው፤ በየመሀሉ "እንዴታ" ማለት ይወድ ነበር። ሞላ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሟል።

"ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" አለች ብርቱካን፣ በበረዶ የተጠቀለለውን የእናቷን መድኃኒት እያስያዘችኝ። "ብቻ ይዘሃት ና።"

"እንዴታ!" አለ ሞላ በጎረነነ ድምፅ። ሦስታችንም ሳቅን፤ ሳቁን ቀድሜ ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ። በእውነት ድምፁ የደሳለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ እኩለ ቀን፣ ሸኸዲ

ከአይከል ወዲህ ብርዱ እንደ ልብስ ይወልቃል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አምስት ኬላ ላይ ወርደን ተፈትሸን ወጥተናል፤ አንደኛው ላይ ወታደሩ የበረዶ ጥቅሉን ከፍቶ አሽትቶ "የማን ነው?" አለኝ። "የእናቴ" አልኩት። ውሸት መለማመድ የጀመርኩት እዚያ ነው።

ሸኸዲ ላይ ጥብስ በላን። ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል፤ የጉልበት ሠራተኛው ሜዳው ላይ ተኝቶ መኪና ይጠብቃል። እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ እንዲህ ተኝቼ ነበር፣ ከደሳለኝ ጋር። ሁለት የሰሊጥ ወቅት ገዳሪፍ አሳልፈናል። በቀን ማጨድ፣ ሲመሽ እትዬ ስንዱ ቤት ባለው የገመድ አልጋ ላይ ስለ ጣሊያን ማውራት። ያወራ የነበረው እሱ ነው፣ እኔ "እሺ" እል ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ ከጋላባት ወደ ገዳሪፍ

መተማ አድረን ድልድዩን በጠዋት ተሻገርን። ከድልድዩ ማዶ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ። የእኛ ሰው ለምዶታል፤ እኔ ግን ሰዓቴን ስመልስ ትንሽ ቅር አለኝ። ስልኬም ያን ጊዜ ኔትወርክ አጣ።

ያሳፈረኝ ሾፌር ፀጉሩን በሂና ያቀላ ወፍራም ሰው ነው። ገዳሪፍ ስላደገ አማርኛና ዓረብኛ እየቀላቀለ ያወራል። የመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ ገለባ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሌላ ነገር የለም። ዶካ ላይ ቆመን ፉል በላን፤ ገንዘቡ ከመርከሱ የተነሳ ለአንድ ሰሐን ፉል አንድ እፍኝ ወረቀት ይከፈላል። ከካርቱም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ፍራሻቸውን ጭነው ያልፋሉ። አንዲት አሮጊት ማቀዝቀዣ ላይ ተቀምጠው ሲያልፉ እጃቸውን አነሱልን።

"ገዳሪፍ የት ነህ?" አለኝ ሾፌሩ።

"ሲካ ሐዲድ።"

"ያ ሰላም! የሐበሻው ፉርጎ ያለበት?"

"የምን ሐበሻ?"

"አታውቅም? እዚያ አንድ አሮጌ ፉርጎ አለ። አንድ ያንተ አገር ልጅ መንገድ ላይ ሞቷል፣ ነፍሱ ግን ተመልሳ እዚያ ገባች። ሴቶች በዚያ አያልፉም ወላሂ። እኔም በወጣትነቴ ቢሆን ኖሮ አልፈራም ነበር፣ አሁን ግን ልጆች አሉኝ።"

ሳቅኩ። ገዳሪፍ ሁልጊዜም ወሬ አያጣትም ብዬ አሰብኩ። ሲሎው፣ የገዳሪፍ ትልቁ የእህል ጎተራ፣ ከሩቅ ብቅ ሲል ስለ ጂን ማውራት አቁመን ስለ ናፍጣ ማውራት ጀመርን።

ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሲካ ሐዲድ

አብዛኛው ወንድ ለጁምዓ መስጊድ ገብቷል፣ ሴቱ ቤት ውስጥ ነው። በዚህ ሰዓት ሠፈሩን ለብቻዬ አገኘሁት። ቀይ የጡብ ቤቶቹ፣ ሰፋፊ በረንዳዎቹ፣ ኒም ዛፎቹ፣ የዛገው የውኃ ታንከር፣ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ባቡር ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሐዲዱ ግማሹ አፈር በልቶት ግማሹ ያበራል። ለምን እንደሚያበራ አልገባኝም። ማንም የማይሄድበት ብረት ዝጎ መጥቆር ነበረበት።

ፉርጎው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። አውቀዋለሁ ይህን ፉርጎ፣ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በበሩ እጀታ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። ደረጃው ላይ ደግሞ ንጹሕ ጣሳ ውኃ፣ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። ሱዳን ውስጥ ለመንገደኛ ውኃ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ሳላመነታ አንስቼ ጭልጥ አደረግሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

ከኋላዬ አንድ ነገር ወደቀ። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ቆመዋል፣ ከዘራቸው መሬት ላይ ነው። ወዲያው አወቅኋቸው፦ ዓም ዑስማን፣ የድሮ የሐዲድ ሠራተኛ፣ የእትዬ ስንዱ ጎረቤት። አማርኛ የተማሩት ከሴቶቻችን ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የሚሉት።

"ጠጣሽ" አሉኝ።

"ይቅርታ ዓም ዑስማን፣ ጠምቶኝ ነው። ጌታሁን ነኝ።"

"አውቃለሁ ጌታሁን ነሽ። አንቺ ሞተሻል።"

እጄን ዘረጋሁላቸው፤ አልያዙትም። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያሉ ሄዱ፣ ከዘራቸውንም አላነሱም።  ሾፌሩ የነገረኝ የሐበሻ ጂን እኔ መሆኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የጠጣሁትም ለእኔ ለሟቹ የተቀመጠውን ውኃ ነበር።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

እትዬ ስንዱ አልጮኹም። ከስተዋል፣ እግራቸው አብጧል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ከዚያ ጎንበስ አድርገው አንገቴን አሸተቱኝ።

"ላብህ የሰው ላብ ነው" አሉ። "የት ነበርክ?"

"ጎንደር።"

"ስምንት ዓመት?"

"ስምንት ዓመት።"

"የስልኬ ቁጥር ጠፍቶብህ ነው?"

ውሸት ይዤ ነው የመጣሁት፣ ይህን ያህል ግን አልቻልኩም። "አልጠፋብኝም፣ በቃሌ አውቀዋለሁ" አልኳቸው። ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። 

መድኃኒታቸውን ከወሰዱ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ተናገርኩ። ዓም ዑስማንም ከዘራቸውን አንስተው መጥተው፣ ከእኔ ሦስት ክንድ ያህል ርቀው ቆመው ሰሙ። የምንሄድ ዕለት ጠዋት፣ ወደ ካርቱም የሚወስደን መኪና ሊመጣ ሲል "ሲጋራ ልግዛ፣ መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። ሲጋራ አላጨስም። ፉርጎው ውስጥ ገብቼ ከበሩ ኋላ ቁጢጥ አልኩ። መኪናው መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ከዚያ ወጥቼ የጋላባትን መኪና ያዝኩ። ይኸው ነው። ከሞት ሸሸሁ ብላችሁ ልታመሰግኑኝ ትችሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ለጓደኛዬ "አልሄድም" የምትል አንዲት ቃል መናገር ያቃተኝ ሰው ነኝ።

ዓም ዑስማን ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "አላልኩም? ከፉርጎ ስትወጪ በዓይኔ አየሁሽ! ለሁሉ ነገርኩ። ሁሉ 'ጌታሁን ሄዷል፣ ያየኸው ሩሑ፣ ነፍሱ ነው' አሉኝ። እኔም አመንኩ። ውኃ አስቀመጥኩልሽ፣ በየቀኑ!"

"ደሳለኝ" አሉ እትዬ ስንዱ፣ እሳቸውን ሳይሰሙ። "መኪናው ላይ ቆሞ ስምህን እየጠራ ነው የሄደ። ጌታሁን! ጌታሁን! እያለ። ሾፌሩ ሰደበው፣ እሱ ግን እስኪታጠፉ ድረስ ይጣራ ነበር። ሰምተኸው ነበር?"

"ሰምቼዋለሁ።"

እትዬ ስንዱ እኔን ማየት አቁመው ሐዲዱን አዩ። አፍሬ ነበር።

በዚህ መሀል አሥር ሰዓት፣ የድሮው ባቡር መግቢያ ሰዓት፣ ሆነ። ዓም ዑስማን ተነስተው ኒሙ ላይ የተንጠለጠለውን የሐዲድ ቁራጭ በብረት መቱት። ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። ከየቤቱ ሴቶች ወጥተው ሐዲዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ አነሱ፣ አልጋ ያወጡ አልጋቸውን ሳቡ፣ ፍየሎች ተባረሩ። ከዚያ ሠፈሩ በሙሉ ዝም አለ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሐዲዱ ባዶውን ተዘርግቶ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። በእኔ ጊዜም ነበር ይህ ልማድ፤ ያኔ እንስቅበት ነበር። አሁን ግን ባዶ ሐዲድ ትክ ብሎ ለሚያይ ሰው ቀስ በቀስ አንድ ነገር የሚመጣ እንደሚመስለው ተረዳሁ። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ሽማግሌው ደግመው መቱ፣ ልብሱም ተመልሶ ተሰጣ።

"ባቡር የለ፣ ለምን ትለቃላችሁ?" አልኳቸው።

"ባቡር ካልመጣ ጥፋት የባቡር ነው" አሉ ዓም ዑስማን። "እኛ መንገድ ካልለቀቅን ጥፋት የእኛ ነው።"

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ግድግዳው እንግዶች በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ያበጠ ነው፤ እያንዳንዱ እብጠት የአንድ ሰው ስም የተቀባበት ነው። ከመካከሉ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ጌታሁንና ደሳለኝ፣ ሁለቱም በደሳለኝ የእጅ ጽሕፈት። የእኔንም የጻፈልኝ እሱ ነው፤ እኔ ከሰሉን መልሼ ሰጥቼው ነበር።

እትዬ ስንዱ ኖራውን በጣሳ በጥብጠው በጨርቅ ነከር አድርገው ስሜ ላይ አሳለፉት። ኖራ ሲቀባ እንደምታስቡት ወዲያው አይሸፍንም፤ እርጥቡ ያሳልፋል። እንዲያውም ስሜ ከበፊቱ ይልቅ ጠቆረ፣ አሁን የተጻፈ መሰለ። ጭንቅ ብሎኝ ቆምኩ። እየደረቀ ሲሄድ ነው ቀስ እያለ የነጣ፣ መጀመሪያ ዳሩ፣ ከዚያ መሀሉ። መጨረሻ የጠፋችው "ን" ናት።

"ቤት መመለስም መድረስ ነው" አሉ። "ይህን አታውቅም ነበር?"

አላውቅም ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም፣ ጣሳውን ከደኑ።

"ነገ ከእኔ ጋር ይመጣሉ?" አልኳቸው።

"ደሳለኝን ትቼ?" አሉ፣ ከብርቱካን ደጋግመው የሰሙትን ጥያቄ የሰለቹ ይመስል። "አንተ ትተኸው ሄድክ፣ እኔም ልድገመው?"

እነሆ ሞላ፣ ተራው የአንተ ነው አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት

ጠዋቱን ሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። ዓም ዑስማን በየሰዓቱ "ሸበካ ማፊ" እያሉ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ። የእትዬ ስንዱ ስልክ ባለቁልፍ አሮጌ ነው፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ቁጥር አያሳይም፣ ሲጠራ አረንጓዴዋን መጫን ብቻ ነው። ቁጥሩ እንዳይጠፋ ብለው ስንት ዓመት አልቀየሩትም፤ ሁልጊዜ ከአንገታቸው በገመድ ይንጠለጠላል። እኔ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ፀሐይዋን እያየሁ ጥፍሬን ስበላ ዋልኩ። ነገ መንገዱ ቢዘጋስ? የመድኃኒቱ በረዶም ቀልጧል።

ዓም ዑስማን ብረቱን መቱ። ልብስ ተነሳ፣ ፍየል ተባረረ፣ ሠፈሩ ዝም አለ።

ስልኩ ጮኸ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ በረንዳችን ዞረ። እትዬ ስንዱ ሁለት እጃቸውን ተጠቅመው ቁልፏን ተጫኑ። "አቤት" አሉ። ቆዩ። ከዚያ ሌላኛው እጃቸው ተነስቶ አፋቸውን ያዘ።

"ደሳለኝ? አንተ ደሳለኝ!"

ጎሽ ሞላ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የማላውቅ መስዬ "ማነው?" ብዬ ጠየቅሁ። በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። ወዲያው ግን ያልጠበቅሁት መጣ።

"እንግዲህ ልጄ፣ እንደ ወጉ ልጠይቅህ። ከቤቴ ስትወጣ በእጅህ ምን አስያዝኩህ?"

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ለካ የሚደውልላቸውን ሁሉ ይህን ይጠይቃሉ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ይሰጡ ኖሯል። እኔ አላውቅም፣ ሞላ ከየት ያውቃል? ውሸታችን እዚያው ላይ አበቃ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እትዬ ስንዱ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። የስልኩ ድምፅ ለእኔ አይሰማም፤ የሚሰማኝ እንደ ነፋስ ያለ ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

"አዎ" አሉ። "አዎ ልጄ። ልክ ነህ።"

ከዚያ ብዙ አወሩ። አንዴ ሳቁ፣ አንዴ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "አለ፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል" ሲሉም ሰማሁ፤ ስልኩን ይሰጡኛል ብዬ ፈራሁ፣ አልሰጡኝም። ሲጨርሱ ዓም ዑስማን ብረቱን አልደገሙትም ነበር፤ ቆመው እሳቸውን ያያሉ። ሠፈሩም መንገዱን ለቆ እስከዚያ ድረስ ጠበቀ።

እትዬ ስንዱ ማንንም ሳያናግሩ ገብተው ጣሳውን ከፈቱ። የደሳለኝ ስም በእርጥቡ ኖራ ሥር ጠቁሮ ወጣ፣ ከዚያ ነጣ። "ሻንጣዬን አውርድልኝ" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፤ አሮጊት አታልዬ እንዲህ ደስ የሚለኝ ሰው መሆኔ ግን ትንሽ አስጠላኝ።

እሑድ፣ ንጋት

የቤቱን ቁልፍ ለዓም ዑስማን ሰጧቸው። ከካርቱም የመጣ ቤተሰብ ይገባበታል፤ እትዬ ስንዱ ለሴትየዋ ከሰሉ የት እንዳለ አሳዩዋት። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወጥተው ተሰናበቷቸው። አንዳንዶቹ እኔንም ጨበጡኝ፣ ጣቶቼን ትንሽ ጫን እያሉ።

ፉርጎው ጋ ስናልፍ ጣሳው ደረጃው ላይ ነበር፣ ሙሉ፣ በሳህን የተከደነ።

"ዓም ዑስማን፣ እኔ እኮ ይኸው በሕይወት አለሁ" አልኳቸው።

"ይሄ ያንቺ አይደለም" አሉ። "የሁለተኛዋ፣ የጓደኛሽ ነው።"

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ መተማ

ድልድዩን ስንሻገር ሰዓቴን መለስኩት፣ የተሰጠኝን አንድ ሰዓት መልሼ አስረከብኩ። መንገዱ ክፍት ነው። እትዬ ስንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ስኳር የሌለው ሻይ አስመጥተው እግራቸውን አንፈራጠው ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያላዩትን አገር ሰው "ቀጥኗል" ይላሉ።

ስልኬ ነፍስ ዘርቶ ተንጫጫ። የሞላ መልእክት ሦስት ነው። የመጀመሪያው የቅዳሜ፦ "እየሞከርኩ ነው፣ አልገባ አለኝ።" ሁለተኛው የቅዳሜ ማታ፦ "ሙሉ ቀን ሞከርኩ፣ ጭራሽ አይጠራም። አፈር ብላ በለኝ።" ሦስተኛው የዛሬ ጠዋት፦ "ሴትየዋ ምን አሉ? እንደገና ልሞክር?"

ደጋግሜ አነበብኩት። ደወልኩለት። "ወላሂ አንዴም አልገባም" አለ፤ ሞላ ክርስቲያን ነው፣ ግን ሲምል እንዲህ ነው። 

ሰኞ፣ ከአይከል በላይ

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጽፍም። ዳገቱን ስንወጣ፣ ብርዱ ሲመለስ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ላስተካክል ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እትዬ ስንዱ፣ ቅዳሜ ደሳለኝን ምን አስያዝኩህ ሲሉት ምን ብሎ መለሰልዎት?"

"ሁለት ዳቦ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁለት ነው የሰጠሁት። አንተ ሲጋራ ልግዛ ብለህ ወጥተህ ስለቀረህ ያንተንም ለእሱ ሰጠሁት።"

ይህን አላውቅም ነበር። ዓም ዑስማንም አላዩም፣ ብርቱካንም አልነገረችኝም። እኔ ያን ጊዜ ፉርጎ ውስጥ ነበርኩ።

"ሌላስ ምን አለዎት?"

"ስላንተ ጠየቀኛ። ደርሷል አልኩት። 'ጎሽ፣ እኔ የራሴን በልቻለሁ' አለኝ፣ 'የጌታሁን ግን አለ። ደርቋል እንጂ አለ።'" ከዚያ በመስኮት ወደ ተራራው አዩ። "ድምፁ ራቅ ያለ ነው። ከነፋስ ጋር ነው የሚያወራ።"

የት ሆኖ እንደደወለ ጠየቅኋቸው። ያን አልጠየቅሁትም አሉ፤ እሳቸው የሚጠይቁት አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው።

አዘዞ ላይ ብርቱካን እየሮጠች መጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ተላቀሱ። ሻንጣውን ሳወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና እየሳቀች ሹክ አለችኝ።

"ሞላ እንዴት ቢያደርግ ነው እንዲህ ያመነችው?"

"ሞላ አልደወለም" አልኳት።

እየቀለድኩ መስሏት እስክስቅ ጠበቀች።